የእታለም ሎቲ

እታለም ስትስቅ መጀመሪያ የሚታየው ወርቁ ነበር፤ ድምጿ ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ማታ መብራት ሲጠፋ ከሰል ማንደጃው ፊት ቁጭ ብላ ፍሙን እፍ ስትል፣ ከላይ በግራ በኩል ያለችው ጥርሷ ቅላቱን ትቀበልና ጨለማው ውስጥ ብልጭ ትላለች። እኔ ደግሞ ከጉልበቷ ስር ተኝቼ፣ ቡናው እስኪፈላ ሳይሆን ጥርሷ እስኪበራ ነበር የምጠብቀው። ድዷ ንቅሳት ነው፤ በልጅነቷ ጎንደር በመርፌ የተወቀረ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር። ጠዋት ጠዋት በወይራ መፋቂያ ታሸዋለች። በዚያ ጥቁር ድድ ላይ ነጩ ይበልጥ ይነጣል፣ ወርቁም ይበልጥ ወርቅ ይሆናል።

የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ክርስትና ስሟ ሌላ ነው፤ ግን አባቴ እታለም ስለሚላት ግቢው ሁሉ፣ ከእሷ የሚበልጡት ሳይቀሩ፣ እታለም ይሏታል።

እኛ ልጆቹ የእሷን ጥርስ ያልተመኘን አልነበርንም። የከረሜላ ብልጭልጭ ወረቀት ስናገኝ በጥፍራችን እያለሳለስን ጥርሳችን ላይ እንለጥፍና በየተራ እየሳቅን መስታወት እናያለን። አንድ ቀን ታዲያ ወረቀቷ ተንሸራታ ወደ መንጋጋዬ ገባችና ነከስኳት። እግዚኦ! ኤሌክትሪክ የነካኝ መሰለኝ። ከጥርሴ ተነስቶ እስከ ጆሮዬ ድረስ ውርር አደረገኝ፤ አፌ ውስጥ የቀረው ጣዕም ደግሞ የዛገ ቁልፍ እንደመላስ ነበር። እሪ ብዬ እታለም ቀሚስ ውስጥ ገባሁ። እሷም "አፍህን ክፈት የኔ ጌታ" አለችና ጣቷን አስገብታ ወረቀቷን አወጣች፤ ጣቷ ቡናና ኮረሪማ ኮረሪማ ይል ነበር። ነገሩ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቶ፣ ጥርሷን የሠሩላት ጋሼ ሲያስረዱኝ ነው። ወደዚያ ግን እንመለሳለን።

መጀመሪያ ጠጠሯን ልንገራችሁ። እታለም ጥርሷን የሰበረችው ቆሎ ስትቆረጥም ነው፤ ያውም ራሷ ለቅማ ራሷ የቆላችውን ገብስ። ቀጭ ሲል እኔም ሰምቻለሁ። እፍኟን አየት አደረገችና አንዲት የምስር ፍሬ የምታክል ጠጠር ለይታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት። ሳምንቱን ሙሉ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ መሸፈን ጀመረች። ይህ ከሁሉ በላይ አስለቀሰኝ፤ የእታለም ሳቅ በነጠላ የሚሸፈን ሳቅ አልነበረማ!

አባቴ ነጭ ጥርስ አሠሪ አላት። እሷ ግን ሣጥኗን ከፍታ ከጨርቅ ቋጠሮ ውስጥ አንድ ሎቲ አወጣች። ጥንዱ ከዓመታት በፊት በጥምቀት ቀን ጃንሜዳ ጭፈራ ላይ ጠፍቶባታል። አንድ ሎቲ ምን ይሠራል? አይጠለቅ፣ አይሸጥ፤ ከእናቷ የወረሰችው ነዋ። "ከተሰበረስ አይቀር በሷ ይጠገን" አለች። ኋላ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ለቡና ጎረቤቶቿ እንዲህ ትላቸው ነበር፦ "ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላሉ፤ እኔ ግን ጠጠር አበድራኝ ወርቅ ከፈልኩ።"

ሐኪም ቤቱ ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ብዙ ሳይርቅ፣ በእንጨት ደረጃ የሚወጣ ፎቅ ላይ ነበር። ቦርሳዋን ተሸክሜ ከኋላዋ ወጣሁ። በሩ ሲከፈት የመጣብኝ ሽታ ግን ያስፈራኛል ያልኩት የመድኃኒት ሽታ ሳይሆን የሻይ ሽታ ነበር፤ ቅርንፉድ! የጥርስ ሐኪሞች የታመመ ጥርስ ለማስታገስና ለጊዜው ለመድፈን የቅርንፉድ ዘይት ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር እንደሚለውሱ ማን ነግሮኝ። እታለም ራሷ ጥርስ ለሚያመው ሁሉ ቅርንፉድ አስነክሳ ነበር የምታስተኛው። ዛሬ ድረስ የቅርንፉድ ሻይ ሲቀርብልኝ ያ የእንጨት ደረጃ እግሬ ስር ሲንቋቋ እሰማለሁ።

ሐኪሙ የተሰበረችውን ጥርስ ዙሪያዋን ሞርደው ሲጨርሱ ወደ ጓዳ ላኩን። ጓዳው የጋሼ ነው። ጋሼ ጥርስ አይነቅሉም፣ መርፌ አይወጉም፤ ጥርስ ይሠራሉ። ግራጫ ካፖርታቸው ላይ የጀሶ ዱቄት ተነስንሶ የወፍጮ ቤት ሰው ያስመስላቸዋል። ሙያውን የጀመሩት ፒያሳ ከአንድ አርመን ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወናፍ በመንፋት እንደነበር አጫውተውናል። እታለም ሎቲዋን መዳፋቸው ላይ ስታኖር አልተቀበሏትም፤ መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ። በጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ ጫር አደረጓት፣ ጠብታ አሲድ ነካኩባት፣ ቀና ብለውም "ደህና ወርቅ ነው እህቴ፤ ግን ለብቻው ለጥርስ አይሆንም፤ ቅልቅል ያስፈልገዋል" አሏት።

"ወርቄን ሊበርዙት ነው?" አለች እታለም፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

ጋሼ አልተቆጡም። ወንበር ሳቡና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ጣቷ ላይ ያለችውን የጋብቻ ቀለበት አሳዩዋት፤ በውስጥ በኩል ተበልታ እንደ ክር ቀጥናለች። ንጹሑ፣ ሃያ አራት ካራቱ ወርቅ በጥርስ ቢነክሱት የሚጎደጉድ ለስላሳ ነገር ነው፤ በየቀኑ እንጀራና ጥሬ ሥጋ እያኘከ ዓመታት ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ከመቶ ሰባ አምስት ያህሉ ወርቅ ሆኖ የቀረው ሌላ ይሆናል። መዳብ ያጠነክረዋል፤ ቢበዛ ግን ያቀላዋል። ብር ቅላቱን ያበርደዋል። ፕላቲነም ወይም ፓላዲየም ጉልበት ይሰጡታል። ዚንክ ደግሞ ለአመል ያህል ትገባለች፤ ሲቀልጥ አየር ገብቶ እንዳያበላሸው። እታለም ዝም ብላ አዳመጠችና "እንደ በርበሬ ነው በሉኛ! ዛላው ብቻውን መች በርበሬ ይሆናል፤ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ በሶብላው አለ" አለች። ጋሼም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሌሎች ደንበኞቻቸው በበርበሬ ነበር የሚያስረዱት።

ፕላቲነም የሚለውን ቃል የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ጋሼ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የኢትዮጵያ ካርታ ወሰዱኝና ምዕራብ ወለጋ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። "ዩብዶ" አሉኝ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ ከወንዝ አሸዋ እየታጠበ የሚወጣ የፕላቲነም አገር ነው። እሳቸው ዘንድ ያለው ከውጭ በትንሽ ጠርሙስ የመጣ ነበር፤ ግን "ማን ያውቃል፣ ከኛው ሄዶ ዞሮ የመጣ ይሆናል" ብለው ጠርሙሱን ጆሮዬ ላይ አንኳኩልኝ።

ንጹሑ ወርቅ ለጥርስ ጨርሶ አይሆንም ማለትም አልነበረም። አንድ ቀን የድሮ ሐኪሞች ጉድጓድ ጥርስ የሚሞሉበትን የወርቅ ቅጠል አወጡልኝ፤ በወረቀት መሐል የተኛ፣ ስተነፍስበት የሚንሳፈፍ። ጥቂቱን በስፒሪት እሳት ላይ አሳለፍ አሳለፍ አደረጉና ሁለቱን ቁራጭ አንዱን በአንዱ ላይ ጫኑ። ያለ ሙጫና ያለ ማቅለጫ አንድ ሆነው ቀሩ። ወርቅ ንጹሕ ሲሆን ወገኑን ሲያገኝ በቀዝቃዛው ይጣበቃል፤ ሐኪሙ እንዲህ ቁራጭ በቁራጭ ላይ በትንሽ መዶሻ እየመታ ነው ጥርሱን የሚሞላው። ቢሞክሩኝ ብዬ ብለምንም ለኔ የደረሰኝ ግን የድሃ ሙሌት ነበር፤ ግራጫው። ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ፣ ሌላው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ። ሲጠቀጥቁት አፌ ውስጥ አሸዋ ላይ እንደሚሄድ ጫማ ቅርጭ ቅርጭ ይል ነበር። የከረሜላዋን ወረቀት የነከስኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ለጋሼ ነገርኳቸው። ያ ወረቀት አሉሚኒየም ነው፤ ሙሌቱ ሌላ ብረት ነው፤ መሐላቸው ምራቅ አለ። "ሁለት ዓይነት ብረትና እርጥበት ሲገናኙ ባትሪ ድንጋይ ነው የሚሆኑት፤ አንተ ባትሪ ድንጋይ ሆነህ ነበር" አሉኝ። ለሳምንት ያህል ለሰፈር ልጆች ባትሪ ድንጋይ ነኝ ስል ከረምኩ።

የሰሙ ቀን ግን ከሁሉም ይለያል። ያን ዕለት እታለም ለጋሼ ዳቦ ጋግራ፣ እኔም ሞቅ ያለውን ዳቦ ደረቴ ላይ አቅፌ ወጣን። ጋሼ በጀሶ የተቀዳውን የእታለምን መንጋጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋል፤ እሷ አየችውና "እኔ ነኝ?" ብላ አማተበች። በተሰበረችው ጉቶ ላይ ሰማያዊ ሰም ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ በጋለች ቢላ እየላጉ ጥርስ አወጡ። ጎረቤት ጥርሶቿን እያዩ፣ እታለምን "እስቲ ሳቂ" እያሉ። የመጀመሪያዋ ጫፏ ላይ ተሸረፈችባቸውና ጣሏት፤ ሁለተኛዋ አማረች። ከጀርባዋ ቀጭን ሽቦ ሰክተው በብረት ቀለበት ውስጥ አቆሟትና እንደ ጀሶ ያለ ነጭ ጭቃ በላይዋ አፈሰሱ። ጭቃው ሲጠነክር ቀለበቱ ምድጃ ገባ። ሰሙ ቀለጠ፣ ነደደ፣ ጠፋ፤ ጓዳው በቅዳሴ ማብቂያ ላይ እንደጠፋ ጧፍ ሸተተ። ጭቃው ውስጥ የቀረው የእታለም ጥርስ ቅርጽ ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነበር።

ከዚያ ሎቲዋን ከቅልቅሉ ጋር ማቅለጫው ላይ አደረጓትና የጋዙን እሳት ለቀቁባት። እታለም እጄን ያዘች። ሎቲዋ መጀመሪያ ቀላች፣ ቀጥሎ ጠርዟ ተንጠባጠበ፣ ከዚያ ድንገት ተሰብስባ እንደ መስታወት የምታበራ እንክብል ሆነች። የእናቷ ሎቲ ናት እኮ! የእታለም እጅ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ጋሼ በሞላ የተጠመጠመውን ክንድ ለቀቁት፤ ውርርር ብሎ ዞረ፤ ወርቁ በዙሩ ኃይል ተወርውሮ ወደ ባዶው ቦታ ገባ። ቀለበቱ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጭስስ አለና ጭቃው ተፈረካከሰ። የወጣችው ጥርስ ግን ጥቁር ነበረች፤ እታለም "ወይኔ!" አለች። መዳቡ በእሳት ጠቁሮ ነው። አሲድ ውስጥ ነከር፣ በቀይ ዱቄት አሸት አሸት፣ ከዚያ ወጣች፤ ወርቅ።

ጋሼ ወርቅ ሲረጋ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል እንደሚኮማተር፣ ጭቃው ግን በእሳት እንደሚሰፋና አንዱ የሌላውን እንደሚያካክስ ነገሩን። ባይሆን ኖሮ ጥርሷ ላይ አትገባም ነበር። ስትገባ ያሰማችውን ድምፅ አልረሳውም፤ የሳጥን ክዳን በልኩ ሲገጠም እንደሚለው፣ ጥብቅ።

ማታ ለአባቴ ያየሁትን ስነግረው መጽሐፉን አጠፈ። አባቴ ጎጃም ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነው። "ሰሙ ሄዶ ወርቁ መጣ ነው የምትለኝ?" አለ፤ ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ፤ ደገምኩለት። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሰምና ወርቅ ሲቀኝ፣ ሲፈታ፣ ሲያስፈታ፣ ስሙ የተወሰደበትን የአንጥረኛ ሥራ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። በማግስቱ ሥራ አስፈቅዶ ጋሼ ዘንድ ሄደ። ሁለቱ ሰዎች ምን እንዳወሩ አላውቅም፤ ብቻ ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ጋሼ እኛ ቤት ቡና የማይጠጡበት ጊዜ አልነበረም። በሰም ጥርስ የማውጣቱን ጥበብ በ1907 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰፊው ያስተዋወቀው ዊሊያም ታጋርት የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም መሆኑን አድጌ አንብቤያለሁ። የኛ አንጥረኞች በዚያው መንገድ መስቀል ሲያፈሱ የኖሩት ግን ከዚያ ስንት መቶ ዓመት በፊት ነው። አባቴ በሕይወት ኖሮ ይህን ብነግረው እንዴት ደስ ባለው።

ጋሼ ከሥራው የተረፈውን ወርቅ በወረቀት ጠቅልለው መለሱላት። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነገር ናት፤ ቢያስቀሩት ማን ያውቅ ነበር? እታለም ለእህቴ ክርስትና የአንገት መስቀል አሠራችባት።

ከነዚያ የእሑድ ቡናዎች አንዱን ላንሳ። ከሶቭየት ኅብረት ተምሮ የመጣ አንድ ጎረቤታችን ነበር፤ ሁለት ብጫ ጥርስ ይዞ መጥቷል፣ በጣምም ይኮራባቸዋል። በሰው ፊት ጋሼን "የኔ ስንት ካራት ይሆናል?" አላቸው። ጋሼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው በደንብ አዩለትና "በጣም ጠንካራ ሥራ ነው፤ ብዙ ዘመን ያገለግልሃል" አሉት። ስሸኛቸው መንገድ ላይ ጠየቅኋቸው። ብረት ነው፤ በላዩ ላይ ቲታኒየም ናይትራይድ የሚባል ወርቅ የመሰለ ነገር ስስ ሆኖ ተቀብቶበታል፤ እዚያ አገር ያኔ ብዙ ሰው የሚያሠራው እሱን ነበር። "ታዲያ ለምን አልነገሩትም?" አልኳቸው። "ጠንካራ ነው አልኩት፤ ጠንካራ ነው" አሉኝና ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

ጋሼ ሥራ ሲጀምሩ አንድ አውንስ ወርቅ በዓለም ገበያ 35 ዶላር እንደነበር ይናገሩ ነበር። አሜሪካ ዶላሯን ከወርቅ ከፈታችበት ከ1971 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ወዲህ ዋጋው ሽቅብ ሄደ፤ በ1980 መባቻ 850 ዶላር ገባ። ሐኪሞችም ወደ ፓላዲየም፣ ወደ ኒኬልና ክሮም፣ ኋላም ወደ ሸክላ ዞሩ። የጋሼ ምድጃ የሚነድበት ቀን እያነሰ ሄደ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስሄድ ጓዳው የቅርንፉዱን ሽታ እንደያዘ ነበር፤ የጧፉ ሽታ ግን ጠፍቶ ነበር።

ባለፈው ዓመት መንጋጋ ጥርሴ ተሰንጥቆ ወደ አንድ አዲስ ክሊኒክ ሄድኩ። ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ ምንም ምንም የማይሸት። የልጅ ልጄ የምትሆን ሐኪም በእጇ የያዘችውን ካሜራ አፌ ውስጥ አዙራ ጥርሴን ኮምፒዩተር ላይ አወጣችው፤ ጀሶ የለ፣ ሰም የለ። ማሽኑ ከዚርኮኒያ ይፈለፍለዋል። "አባቴ፣ ማንም ሰው የተሠራ መሆኑን አያውቅም" አለችኝ፤ ልታስደስተኝ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣት፤ እጇም ቀላል ነው። የቀለም ናሙናዎቿን ደርድራ ከጥርሴ ጋር ስታስተያይ ግን ከነጮቹ መሐል ሌላ ቀለም ስፈልግ ራሴን ያዝኩት። የኛ ዘመን ሰው የተጠገነ ነገሩን ፊት ለፊት ነበር የሚያኖረው። እታለም ካሠራች በኋላ ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ አታውቅም።

ያረፈችው በክረምት ነው። ከለቅሶው መሐል አንድ ዘመድ ወርቁ ይውጣ የሚል ነገር ሲያንሾካሹክ አባቴ ሰማና በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ የሰማሁትን ድምፅ አወጣ። ማንም አልነካትም።

እኔ ዘንድ አንዲት የክብሪት ቀፎ አለች። የሰሙ ቀን ጋሼ ጫፏ ተሸርፎ የጣሏትን የመጀመሪያዋን ጥርስ አይሰጡኝም ብዬ ፈርቼ ሳልጠይቅ ዝም ብዬ ሳያት፣ እሳቸው ግን አንስተው፣ የጀሶውን ዱቄት እፍ ብለው፣ ክብሪታቸውን ጠረጴዛው ላይ አራግፈው ቀፎው ውስጥ አስተኝተው ሰጡኝ። ልጅነት ሆኖ መስኮት ላይ ትቻት ፀሐይ አገኛትና ለጥ አለች። አሁን ጥርስ አትመስልም። ሰማያዊ ጠብታ ናት፣ አንድ ጎኗ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ያለባት፤ ያኔ ላቃናት ስሞክር የቀረ፣ የትንሽ ልጅ ጣት።

ቀፎዋን ስከፍታት አሁንም ትንሽ ጧፍ ጧፍ ትላለች።